አርትዖት እየሠሩ በሞተር ሳይክል አገር መዞር፦ ከደንበኛ እስከ መንገድ

በሞተር ሳይክል እየዞሩ በጽሑፍ መኖር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ የጉዞ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ሒሳቡ ግን በዚያ አይሞላም። የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ገዝቶ የሚያትም ጥቂት ነው፤ የሚገዛውም የሚከፍለው ከታተመ በኋላ፣ ያውም ተለምኖ ነው። ቤንዚኑን፣ አልጋውንና የሞተሩን ዘይት የሚሸፍነው በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የምትሠሩት ሥራ ነው፤ የድርጅት ሪፖርት ማረም፣ የሥልጠና ሰነድ መተርጎም፣ የልቦለድ ረቂቅ ማቃናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደል መልቀም። የጉዞ ጽሑፉ ከዚያ በላይ የሚመጣ ትርፍ ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከገቢው ይጀምራል፤ ሞተሩና መንገዱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

1. ደንበኛው ከመንገዱ ይቅደም

ቤት ተቀምጣችሁ ያላፈራችሁትን ደንበኛ መንገድ ላይ አታፈሩትም። ሁለት ሦስት ተመላላሽ ደንበኛ ሳትይዙ ሞተሩን አታስነሡ፤ አንዱ ክፍያ ሲያዘገይ ሌላው ይሸፍናል።

ሥራውንም ምረጡ። ለመንገድ የሚመቸው ረጅምና ዝግ ያለ፣ በአንድ ፋይል የሚያልቅ ሥራ ነው፦ የመጽሐፍ ረቂቅ፣ ማኑዋል፣ የጥናት ሪፖርት። ዕለታዊ ዜና፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ማስተዳደርና «ዛሬ ማታ ይድረስልኝ» የሚባል የማስታወቂያ ጽሑፍ ከሞተር ጋር አይሄዱም። እንዲህ ያለው ደንበኛ ጥሩ ከፋይ ቢሆን እንኳ ከመነሳታችሁ በፊት ለምታምኑት ባልደረባ አስተላልፉት።

ውሉ አጭር ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። እነዚህን ነገሮች ግን ሳትጽፉ አትለፉ።

የሒሳቡ መለኪያ። በገጽ የምትከፈሉ ከሆነ አንድ ገጽ ስንት ቃል እንደሆነ ይጻፍ፤ በትልቅ ፊደል ተዘርዝሮ የተጻፈ ገጽና ተጨምቆ የተጻፈ ገጽ በድካም አይገናኙም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትተረጉሙ የምትቆጥሩት የእንግሊዝኛውን ቃል ይሁን። በአማርኛ ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ አሉታውም ከግሱ ጋር ተጣብቀው ስለሚሄዱ የቃሉ ብዛት ከምንጩ ጎልቶ ያንሳል። በትርጉሙ ቃል የተዋዋለ ሰው ሠርቶ ያልተከፈለበት ሥራ ይኖረዋል።

ቀብድ። ከጠቅላላው ሢሶ ያህል በቅድሚያ ጠይቁ። መንገድ ላይ ሆናችሁ ደንበኛ ቢጠፋ ቢሮው ሄዳችሁ አትቀመጡበትም።

ስንት ዙር እርማት እንደምትሠሩ። ሁለት ዙር ይበቃል፤ ሦስተኛው በተጨማሪ ክፍያ ይሁን።

የማስረከቢያ ቀንና ሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጭምር። ለውጭ ደንበኛ «6 ሰዓት» ብላችሁ አትጻፉ። ዋሽንግተን ያለ ደንበኛ «ዓርብ በሥራ ሰዓት መጨረሻ» ሲል በእነሱ አስራ ሰባት ሰዓት ማለቱ ነው፤ እኛ ዘንድ በበጋቸው ከሌሊቱ 6፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ይህ ልዩነት ለሞተረኛ በረከት ነው፤ ዓርብን ጠዋት ነድታችሁ ማታ መላክ ትችላላችሁ። ሰኔ 30 እና ጁን 30 ግን በሰባት ቀን ይለያያሉና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት።

የኔትወርክ መቋረጥ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። «ግንኙነት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲቋረጥ የማስረከቢያው ቀን በዚያው መጠን ይራዘማል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ብዙ ነው።

የውጭ ምንዛሪ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የተዋዋሉት ሥራ በብር ሲከፈል በየትኛው ቀን ተመን እንደሚታሰብ መጻፍ አለበት። ውል የተፈረመበት ቀንና ክፍያ የሚፈጸምበት ቀን ብዙ ጊዜ ወራት ይራራቃሉ።

አገር ውስጥ ላሉ ድርጅቶች የምትሠሩ ከሆነ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ሳታወጡ አትነሱ። ያለ ቲን የሚቆረጠው ግብር ካለው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ደረሰኙንም ከጎባ ሆናችሁ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

2. ላፕቶፑን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጉት

ከቤት ሳትወጡ አንድ ሙሉ ቀን ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ሥሩ። የጎደላችሁ ነገር ሁሉ ያን ቀን ይታወቃል። መዝገበ ቃላቱ፣ የደንበኛው የቀድሞ ሰነዶች፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ ቅርጸ ፊደሎቹ ሁሉ ማሽኑ ላይ መጫን አለባቸው።

አሮጌ ማተሚያ ቤቶችና አንዳንድ ደራሲዎች እስካሁን በፓወር ግዕዝ፣ በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ ፋይል ይልካሉ። ፋይሉ ሁሉም መሣሪያ በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ስላልተጻፈ ስልክ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። ወደ ዩኒኮድ የመለወጡን ሥራ ከተማ ውስጥ ጨርሱና ቁጥሮቹን፣ ሥርዓተ ነጥቦቹንና ዲቃላ ፊደሎቹን (ሏ፣ ቧ፣ ጓ) በዓይናችሁ ፈትሹ፤ ሲለወጡ የሚበላሹት በብዛት እነሱ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ የአጻጻፍ ደንብ አዘጋጁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በየትኛው ቃል እንዴት እንደሚጻፉ፣ ዓመተ ምሕረት በምን ምሕጻር እንደሚገባ፣ የሰው ስም አጻጻፍ፣ ቁጥር በፊደል ወይስ በአኃዝ የሚለው ሁሉ እዚያ ይስፈር። ቤት ውስጥ ይህን በትውስታ መያዝ ይቻል ይሆናል። ነድቶ የደከመ አርታኢ ግን በምዕራፍ ሁለት «ሥራ» ያለውን በምዕራፍ አምስት «ስራ» ብሎ ያልፋል። ደንቡ ካለ በ«ፈልግና ተካ» (Find and Replace) ማጽዳት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ቅጂ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ፣ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ። ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ የሚያስቀምጥ ሰው ቅጂ አለው ለማለት ይከብዳል። ላፕቶፑም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ የሚሽከረከር አካል ወደሌለው ማከማቻ (ኤስኤስዲ) አስቀይሩት፤ የኮረኮንች ንዝረት የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ነው።

3. ሞተሩ

ትልቅና ውድ ሞተር አያስፈልግም። እንዲያውም ቦክሰር፣ አፓቼ፣ ወይም የግብርና ባለሙያዎች በየወረዳው ሲነዱት የኖሩት ያማሃ ኤጂና ዲቲ ይሻላሉ፤ የየትኛውም ወረዳ መካኒክ ያውቃቸዋል፣ መለዋወጫቸውም ገበያ ላይ አለ። አገር ውስጥ የማይታወቅ ሞተር ይዞ የሚዞር ሰው አንድ ኬብል እስኪመጣለት አንድ ሳምንት ይቀመጣል፤ በእርግጥ በዚያ ሳምንት ብዙ ገጽ ያርማል።

ወረቀቱ መጀመሪያ ይስተካከል፦ በሞተር ሳይክል ምድብ የተሰጠ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ስለከለከለች በከተማው ውስጥ ለመንዳት የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ሞተሩን ቢሾፍቱ ወይም ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት አስቀምጦ ጉዞን ከዚያ መጀመርም መፍትሔ ነው፤ ከአዲስ አበባ መውጫ ግርግር መገላገሉ ራሱ አንድ ነገር ነው።

የምትይዙት መለዋወጫ ከኮርቻው ሥር የሚገባ ይሁን፦ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ፊሎ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ የእጅ ፓምፕ። ጎሚስታ በየከተማው አለ፤ ጎማ የሚፈነዳው ግን በከተሞቹ መካከል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ጎማ መፍታትና መግጠም፣ ካቴና ማጥበቅ፣ ካንዴላ ማጽዳት ከመካኒክ ዘንድ ተቀምጣችሁ ተማሩ።

ነዳጅ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ለውጥ አለ፤ ማደያ የሚቀበለው በቴሌብርና በመሰል ዲጂታል ክፍያ ነው። ይህ ማለት ኔትወርክ ከሌለ ኪስ ሙሉ ብር ይዞም ቤንዚን ላይገኝ ይችላል። ታንከር ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ «ቀጣዩ ከተማ» አትበሉ። ማደያ በጠፋበት በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን መግዛት ግድ ከሆነ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ውኃ ካለው ሥር ይዘቅጣል። በጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱ።

4. ጭነት

ከባዱ ነገር ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ይጠጋ፤ ፖርቶመጋላው ጫፍ ላይ የተቆለለ ሻንጣ ኩርባ ላይ ሞተሩን ይጎትታል። ላፕቶፑ ግን ጀርባችሁ ላይ አይሁን። ብትወድቁ ያረፋችሁበት እሱ ላይ ነው። ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ በልብሶቻችሁ መካከል፣ ጎን ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። አቧራውም እንደ ዝናቡ ነው፤ ከረጢቱ እስከ ጫፉ ተጠቅልሎ ይዘጋ።

ስልካችሁን እጀታው ላይ ሰክታችሁ እንደ ካርታ የምትጠቀሙ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. የሞተር ሳይክል ኃይለኛ ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ማረጋጊያ ሊያበላሽ እንደሚችል በይፋ አሳስቧል። ለጽሑፋችሁ ፎቶ የምታነሡት በዚያው ስልክ ከሆነ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ መንገዱን ሰው ጠይቁ። የሚገኘው መልስ አንዳንዴ ከካርታው ይልቅ ለጽሑፍ ይጠቅማል።

5. መብራትና ኔትወርክ

ላፕቶፕን ከሞተሩ ባትሪ ለመሙላት አትሞክሩ። 65 ዋት የሚስብ ቻርጀር ከ12 ቮልት ባትሪ ከ5 አምፒር በላይ ይፈልጋል፤ የትንንሽ ሞተሮች ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 አምፒር ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ኢንጅኑ ጠፍቶ ከተሰካ ባትሪው ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ስልክ ግን 10 ዋት ገደማ ስለሚበቃው እየነዱ መሙላት ይቻላል።

ለላፕቶፑ የሚያዋጣው ለላፕቶፕ የተሠራ ፓወር ባንክ ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሲሞላ የሚባክነው ኃይል ተቀንሶ 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለውን ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ይሞላል። ይህም መብራት የጠፋበትን አንድ የሥራ ቀን ያድናል።

ሁለት ሲም ካርድ ይኑራችሁ፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም ሌላው የሳፋሪኮም። አንዱ በደከመበት ሌላው ይይዛል፤ ከዋና ከተሞች በራቃችሁ ቁጥር ግን የምትመኩት በመጀመሪያው ነው።

6. ሳምንቱን መከፋፈል

የዚህ ኑሮ ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎች የሚደናቀፉትም እዚሁ። መንዳትና ማረም የሚበሉት አንድ ነገር ነው፣ ትኩረትን። አራት ሰዓት ሙሉ ጉድጓድ፣ ፍየል፣ ሕፃንና ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለውን አይሱዙ ሲጠብቅ የዋለ ዓይን ማታ የፊደል ግድፈት አያይም። ያያል ብላችሁ አትመኑት፤ ገጹን ያነባል፣ ስሕተቱን ግን በልቡ እያረመ ያልፈዋል። ደንበኛው ነው የሚያገኘው።

ስለዚህ የመንገድ ቀንና የሥራ ቀን ይለዩ። ሁለት ቀን መንዳት፣ አራት ቀን በአንድ ከተማ ተቀምጦ መሥራት፣ አንድ ቀን ለልብስ፣ ለሞተርና ለራስ። ርቀቱ ያነሰ ይመስላል፤ በወር ግን ሰፊ አገር ይታያል። በየቀኑ የሚነዳ ሰው የጉዞ ታሪኩ ሁሉ አስፋልትና አልጋ ይሆናል፣ የሚጽፈውም ነገር አያገኝም።

በመንገድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡና ከ6 ሰዓት በፊት ግቡ። በጠዋት ነፋሱ ጸጥ ያለ ነው፣ የክረምቱም ዝናብ በደጋው በብዛት ከሰዓት በኋላ ይጥላል። በጨለማ ፈጽሞ አትንዱ። መብራት የሌለው ጋሪና መንገድ መሐል የተኛ ከብት የሚገጥመው ማታ ነው። ከገባችሁ በኋላ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ቀላል ሥራ ብቻ፦ የክፍያ መጠየቂያ መላክ፣ ኢሜይል መመለስ፣ የሠንጠረዥ ቅርጽ ማስተካከል፣ የቀኑን ማስታወሻ መተየብ። የመጨረሻ ንባብ፣ የቁጥር ማመሳከርና የትርጉም ማቃናት ለሥራ ቀን ጠዋት ይቆዩ።

ማስረከቢያችሁ መቼም በመንገድ ቀን ላይ አይውደቅ። ለደንበኛው የምትሰጡት ቀን ለራሳችሁ ከያዛችሁት ቢያንስ በሁለት ቀን የዘገየ ይሁን፤ ጎማ፣ ዝናብና የመንገድ መዘጋት ከዚያ ላይ ይቀነሳሉ።

የሥራ ቀን ማደሪያ ስትመርጡ አልጋውን ሳይሆን ጠረጴዛውን እዩ። ወንበር አለ? ሶኬቱ ይሠራል? ጄነሬተር ሲነሣ መብራቱ ወደ ክፍሉ ይደርሳል ወይስ ለቡና ቤቱ ብቻ ነው? ሞተሩ ከግቢ ውስጥ ያድራል? መናኸሪያ አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ርካሽ ነው፤ ግን ገና ሳይነጋ የአውቶቡስ ጥሩንባ ያስነሣችኋል። ለአራት ቀን አልጋ ስትይዙ ዋጋ ተደራደሩ፣ ዘበኛውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ተዋወቁት፤ ሞተራችሁን የሚጠብቀው እሱ ነው።

7. ለመጀመሪያ ዙር የሚሆን መስመር

መጀመሪያ ረጅም ነገር አትያዙ። ለሙከራ የሚመቸው የአርሲና የባሌ ዙር ነው። ከአዲስ አበባ በቢሾፍቱና በሞጆ አድርጎ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዳማ አሰላ ደግሞ 75 ገደማ። አሰላ ላይ የመጀመሪያዎቹን የሥራ ቀናት ተቀመጡ፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያቆያል። ቀጥሎ በቆጂ አለች፣ የደራርቱ ቱሉ፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ አገር። በጠዋት የሚለማመዱትን ወጣቶች ማየት ብቻውን አንድ ጽሑፍ ነው፤ ግን ስለ ታዋቂዎቹ ሳይሆን ገና ስላልታወቁት ጻፉ፣ ስለ ታዋቂዎቹ ሁሉም ጽፏል።

ከዚያ በዶዶላ፣ በአዳባና በዲንሾ አድርጎ ወደ ሮቤና ጎባ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ስለሆነ የመግቢያውን ጉዳይ እዚያ ጨርሱ። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለውጭ አንባቢ ጽሑፍ ስትሸጡ ይህ መግቢያ በር ይከፍታል።

ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ካርቡራቶር ያለው ሞተር ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ይደክማል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። አትደንግጡ፤ በዝቅተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ ውጡ፣ ሲወርድ ኃይሉ ይመለሳል። ጓንትና ወፍራም ካፖርት ግዴታ ነው። ቀይ ቀበሮ ለማየት ሞተሩን አጥፍታችሁ ጠብቁ፤ ከመንገዱ ወጥቶ ሜዳው ላይ መንዳት ክልክልም ነው፣ ነውርም ነው። ከሳነቴ ወዲያ መንገዱ በሐረና ደን ወደ ዶሎ መና ይወርዳል፤ በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ቆላ ሙቀት። መልሱ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳና በባቱ ይሁን። ሐዋሳ ለረጅም የሥራ ቆይታ ከሁሉ ይመቻል፤ ከዚያ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የመንገዱን ሰላም በየማለዳው ጠይቁ፣ ትናንት የተባለው ለዛሬ አይሠራም። ሁነኛ ምንጫችሁ ከዚያ አቅጣጫ ሌሊቱን የገባ የመኪና ሹፌር ነው፤ መናኸሪያ ሻይ ቤት ተቀምጡና ሁለት ሹፌሮችን ለየብቻ ጠይቁ። ከተለያዩ አትሂዱ።

8. የጉዞውን ጽሑፍ መሸጥ

አሁን ወደ ትርፉ። ሐሳቡን ለመጽሔት አዘጋጅ የምታቀርቡት ከጉዞው በፊት እንጂ ተመልሳችሁ አይሁን። ወቅት ያለው ነገር ደግሞ ሁለት ወር ቀድሞ ይቅረብ፤ የጌዴኦና የሲዳማ ቡና ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ነው፣ እሬቻ በቢሾፍቱ በመስከረም መጨረሻ ገደማ፣ ጥምቀት ጥር 11። በእነዚህ ቀናት አልጋ እንደማይገኝም አስቡ።

መንገድ ላይ የምትመዘግቡት ነገር የተጨበጠ ይሁን፦ ዋጋ፣ ቀን፣ ሰው ያለው ቃል በራሱ አነጋገር፣ የዕቃው የአካባቢ ስም። «ውብ መልክዓ ምድር» ብሎ መመዝገብ ድካም ነው፤ ቤት ገብታችሁ ምን ውብ እንደነበር አታስታውሱትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማነጋገር ከፈለጋችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስለሚጠየቅ ከሚያሳትማችሁ ክፍል አስቀድማችሁ ያዙ። ድልድይ፣ ግድብና ካምፕ ፎቶ አታንሡ። ሰው ስታነሡ አስፈቅዱ፣ በተለይ በቤቱና በሥራው ላይ ያለን ሰው።

አንድ ጉዞ አንድ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። የበቆጂው ለመጽሔት፣ የቡናው በእንግሊዝኛ ለውጭ፣ የመንገዱ ሁኔታ ለተጓዦች መረጃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መብቱን ተጠንቀቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአገልግሎት ውል የተሠራን ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ ላዘዘው ወገን ይሰጣል። ታዝዛችሁ የምትጽፉት ከሆነ «አንድ ጊዜ ለማተም ብቻ» የሚል ቃል ውሉ ላይ አስገቡ፤ አለዚያ ያንኑ ጉዞ ለሌላ ስትሸጡ ክርክር ይመጣል።

9. ወሰን መሻገር

ከአንድ ሁለት ዙር በኋላ ዓይን ወደ ናይሮቢ ማየቱ አይቀርም። ከሐዋሳ በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ድረስ ይኬዳል፤ ማዶው በማርሳቢት በኩል አስፋልት ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድና የሞተሩን ጊዜያዊ መውጫና መግቢያ ወረቀት ከአዲስ አበባ ሳትወጡ ጠይቁ፣ ሊብሬውም በራሳችሁ ስም ይሁን። ኬንያ ውስጥ ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ በሕግ ይጠየቃል። ለደንበኞቻችሁ የምትልኩበት ሰዓት አይለወጥም፣ ሁለቱ አገሮች አንድ የሰዓት ቀጠና ላይ ናቸው። የሚለወጠው የመንገዱ ወገን ነው፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ስለዚህ ሞያሌ እደሩና ወሰኑን በጠዋት፣ ሳይደክማችሁ ተሻገሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ከአንድ መኪና ኋላ ሆናችሁ ዝግ ብላችሁ ሂዱ፣ በተለይ ከማደያ ስትወጡ።